የገንዘብ አያያዝ ትምህርት ለድርቅ ተጎጂዎችና ለሠፋሪዎች፤ ጥቅሙና ወሰኑ

ድርቅ በአንድ አካባቢ ላይ በሚወድቅበት ጊዜ ከጎተራው አስቀድሞ የሚናጋው ገበያው ነው። ክረምቱ እንደማይገባ፣ ከገባም እንደማይዘልቅ በሐምሌ ከታወቀ እህል ያለው ሁሉ እህሉን ይይዛል፤ እህል የሌለው ደግሞ ከብቱን ወደ ገበያ ይነዳል። ሻጩ በርክቶ ገዢው በሚያንስበት በዚያ ገበያ የበሬው ዋጋ በየሳምንቱ ሲያሽቆለቁል የእህሉ ዋጋ ይወጣል። በጥቅምት ወር አንድ በሬ ሸጦ ስድስት ኩንታል ለመሸመት ይችል የነበረ ቤተሰብ፣ ያንኑ በሬ በሰኔ አጥንቱ ወጥቶ ሲሸጠው ሁለት ኩንታል ቢያገኝ ዕድለኛ ነው። ለአምስት ነፍስ በወር 75 ኪሎ ግራም እህል ቢታሰብ የመጀመሪያው ሽያጭ የስምንት ወር ቀለብ ሲሆን፣ የሁለተኛው ሦስት ወር እንኳ አይሞላም። አኃዞቹ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ አካሄዱ ግን በድርቅ ዘመን ገበያ ለዋለ ሰው እንግዳ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ ለተጎጂው ሕዝብ ከስንዴውና ከዘይቱ ጋር የገንዘብ አያያዝ ትምህርት አብሮ እንዲሰጥ ከየአቅጣጫው ሐሳብ ሲቀርብ ቆይቷል። ትምህርቱ ገቢንና ወጪን ማስላትን፣ ቁጠባን፣ የብድርን ወለድ ማወቅን፣ የመድን ውል መረዳትንና በባንክ ወይም በተንቀሳቃሽ ስልክ መገልገልን ያጠቃልላል። በየመሥሪያ ቤቱ ስለዚህ ትምህርት የሚሰሙት አስተያየቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ድኽነት በአብዛኛው ካለማወቅ የሚመጣ ስለሆነ ማስተማር ፈውሱ ነው ይላል። ሁለተኛው ደግሞ የሚቆጠር ገንዘብ ለሌለው ሰው የገንዘብ ቆጠራ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ የየራሳቸው ድርሻ ቢኖራቸውም፣ በመስክ ላይ ያለውን ሠራተኛ ሁለቱም አይመሩትም።

ወሰኑን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። የ1965-66 ዓ.ም. የወሎን ረኃብ ያጠኑት የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፋቸው፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከረኃቡ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ያን ያህል እንዳልናረ አመልክተዋል። ሰው እየረገፈ ዋጋ ያልናረው በገበያው ውስጥ የገዢ አቅም ስለጠፋ ነበር። የወሎ ገበሬ የሚሸጠው ሰብል አልነበረውም፤ ሰብል የሌለው ገበሬ ደግሞ ገንዘብም የለውም። በዚያ ሁኔታ ላይ ለነበረ ቤተሰብ ወጪውን በመዝገብ እንዲያሰፍር መምከር ስላቅ ይሆን ነበር። ከዚህ በመነሣት በኋላ ዘመን በ1977ቱ ድርቅ ዓመታት ኮሚሽኑና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በአንዳንድ አካባቢዎች በእህል ፈንታ ገንዘብ ማደልን ሞክረዋል። እህል በአጎራባች ገበያ ካለ የጎደለው የመግዣ አቅም ነው ከሚል አስተሳሰብ የመነጨ ሥራ ነበር።

ስለሆነም ትምህርቱ የሚጠቅመው የሚወሰን ነገር በእጁ ላለው ሰው ነው። ጥቂት ፍየሎች፣ አንድ በሬ፣ የሁለት ወር ደመወዝ፣ ወይም የተስፋ ቃል የተገባለት ብድር ያለው ቤተሰብ ሊወስን የሚችለው ነገር አለው፤ ውሳኔውም በጊዜው ከሆነ ልዩነት ያመጣል።

ይሁንና አስተማሪው ወደ ቀበሌው ሲገባ ባዶ ማሰሮ ሊሞላ እንደሚሄድ አድርጎ ማሰብ የለበትም። ሕዝቡ ዕቁብ አለው፤ ዕድር አለው፤ ወንፈልና ደቦ አለው፤ ከብትን በየዘመዱ ዘንድ አስጠብቆ አደጋን ማከፋፈል ያውቃል። በቦረና በድርቅ ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሣው ከብት የሚያዋጣበት ቡሳ ጎኖፋ የተባለ ሥርዓት አለ። የብዙ ዕድሮች ደንብ፣ በተለይም በቀሪና በውዝፍ መዋጮ ላይ፣ ከአንዳንድ ጽሕፈት ቤቶች የሒሳብ ደንብ ይልቅ የጠበቀ ነው።

አስተማሪው በችኮላ «አላዋቂነት» የሚለው ነገር በቅርብ ሲመረመር ብዙ ጊዜ ስሌት ሆኖ ይገኛል። የተለመደውን የእህል ብድር እንውሰድ። አንድ ገበሬ በሐምሌ አንድ ኩንታል ተበድሮ በታኅሣሥ አንድ ኩንታል ተኩል ሊመልስ ተዋዋለ እንበል። አስተማሪው በአምስት ወር 50 በመቶ ወለድ መሆኑን አስልቶ ገበሬውን ይነቅፋል። ነገር ግን በሐምሌ የኩንታሉ ዋጋ 4,000 ብር፣ በታኅሣሥ ደግሞ 3,000 ብር ቢሆን፣ ገበሬው የ4,000 ብር እህል ወስዶ የ4,500 ብር እህል መለሰ ማለት ነው። ይኸው ገበሬ 4,000 ብር ጥሬ ገንዘብ በወር 10 በመቶ ተበድሮ ቢሆን ኖሮ በታኅሣሥ ዕዳው 6,000 ብር ደርሶ፣ ያንን ለመክፈል ሁለት ኩንታል መሸጥ ነበረበት። እህል ተበድሮ እህል የመለሰው በግማሽ ኩንታል ተርፏል። ይህን ስሌት ሳያውቅ «ከእህል አበዳሪ ራቁ» ብሎ የሚያስተምር ሰው ተማሪዎቹን ወደ ባሰው አራጣ ይመራቸዋል።

በአንፃሩ ትምህርቱ ብርቱ ጥቅም የሚሰጥባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ የጥሬ ገንዘብ አራጣ ነው። «ከመቶው አሥር» የሚለው አነጋገር ለጆሮ ቀላል ነው። ወለዱ ሳይከፈል በየወሩ በዋናው ላይ እየተደመረ ከሄደ ግን 100 ብር በዓመቱ 313 ብር ከ84 ሳንቲም ይሆናል። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ በመሬት ላይ ጠጠር እየደረደሩ ወር በወር ማሳየት ማንበብ ለማያውቅ ሰው እንኳ ግልጽ ያደርገዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ካስገኛቸው ልምዶች አንዱ፣ ጎልማሳ ሰው በራሱ ቋንቋና በራሱ ኑሮ ምሳሌ ሲማር ፈጥኖ የሚቀበል መሆኑ ነው። ሒሳቡም እንዲሁ ነው።

ሌላው የሽያጭ ጊዜ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የበሬ ምሳሌ «ቀድማችሁ ሽጡ» ወደሚል ምክር ይመራል፤ ለፍየል፣ ለበግና ለትርፍ ከብትም ምክሩ ትክክል ነው። ለእርሻ በሬ ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1984-85 የዳርፉርን ረኃብ ያጠኑት አሌክስ ደ ዋል ሰዎች ሀብታቸውን ላለማጥፋትና ከረኃቡ በኋላ ዳግመኛ ኑሮ ለመጀመር ሲሉ እየተራቡም ንብረታቸውን ይዘው እንደሚቆዩ አሳይተዋል። በሬውን የሸጠ ገበሬ በሚመጣው ክረምት መሬቱን በእኩል አሳልፎ ከመስጠት ሌላ ምርጫ አይኖረውም። የመስክ ሠራተኛው ምክሩን ከመስጠቱ በፊት ያ ቤተሰብ ስንት በሬ እንዳለውና ጎረቤቱ ሊያቀናጀው ይችል እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል።

የሠፋሪው ነገር ደግሞ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም 600 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ተወስዶ እንዲሠፍር ተደርጓል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሳይወዱ የሄዱ ነበሩ። በመደበኛ የሠፈራ ጣቢያዎች እርሻው በጋራ ይታረስ ስለነበር ሠፋሪው ድርሻውን ያገኝ የነበረው በሥራ ነጥብ ነው። በመጋቢት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ታውጆ የአምራች ማኅበራት ሲፈርሱ፣ ነጥብ መቁጠር የለመደ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ የራሱ ገዢና ሻጭ ሆነ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ውስጥ እንዲካሄድ የታቀደው ሠፈራ ደግሞ በሦስት ዓመት 440 ሺህ አባወራዎችን፣ ማለትም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለማስፈር ያለመ ሲሆን፣ ለአባወራው እስከ 2 ሄክታር መሬት ይሰጠው ነበር። መሬቱ በሄክታር፣ ቀለቡም በኪሎ ይሰፈር ነበር። ሠፋሪው ጥሎት የመጣው ዕድር ግን በየትኛውም ዕቅድ ላይ በአኃዝ ሊሰፍር የሚችል ነገር አልነበረም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዕድር በመንደሩና በጉርብትናው ላይ የቆመ ነው፤ አባሉ ከአካባቢው ሲለቅ የዓመታት መዋጮው አብሮት አይሄድም። ዕቁብም በመተማመን የሚገባበት ስለሆነ በአዲስ ሥፍራ፣ በማያውቀው ቋንቋ መካከል፣ የሚዋሰው ሰው ለሌለው ሠፋሪ በሩ ዝግ ነው። በመሆኑም ሠፋሪው መድኑንና ባንኩን ያጣው በዚያው በተነሣበት ቀን ነው። በዚህ ላይ ከመነሣቱ በፊት በነበረው አንድና ሁለት ገበያ የቤት ዕቃውንና ከብቱን በተገኘው ዋጋ ሽጦ የያዘው ጥሬ ገንዘብ፣ የመጀመሪያው ዓመት ሰብል ሳይደርስ ያልቃል። ለእንደዚህ ያለው ሰው ስለ ቁጠባ ሦስት ቀን ከማስተማር ይልቅ ከአንድ አካባቢ የመጡትን አጠጋግቶ ማስፈርና ዕድራቸውን እንደገና እንዲያቋቁሙ መርዳት ይበልጣል። ትምህርቱ ከዚያ በኋላ ቢመጣ የሚተከልበት አፈር ያገኛል። በተለይ የማያውቀውን ሰብል፣ ለምሳሌ ቡናን፣ በማያውቀው ሚዛን ለሚሸጥ ሠፋሪ፣ ሚዛን ማንበብና የሦስት ገበያ ዋጋ ማነጻጸር በቀጥታ ወደ ኪስ የሚገባ ዕውቀት ነው።

የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የአንድ ቀን የሥራ ክፍያ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር። አንድ ቤተሰብ በነፍስ ወከፍ በወር አምስት ቀን ይታሰብለት ስለነበር አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በወር 150 ብር ወይም 75 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። ፕሮግራሙ ከዓመት ዓመት ሊተነበይ የሚችል ገቢ ስለሚሰጥ ቤተሰቡ ማቀድን እንዲማር ምቹ ሜዳ ነበር፤ እንዲያውም ከገቢው ቆጥቦና ተበድሮ ንብረት አፍርቶ «እንዲመረቅ» ታስቦ ነበር። ነገር ግን በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ክፉኛ ሲንር ክፍያው ወደ 8 ብር ብቻ ከፍ አለ። አንድ ኪሎ እህል 4 ብር በገባበት ገበያ 8 ብር የሚገዛው 2 ኪሎ ነው። በዚያን ጊዜ ከገንዘብ ይልቅ እህል የሚመርጡ ተጠቃሚዎች መብዛታቸው ጥናቶች ያረጋገጡት ነገር ነው። እነዚህ ሰዎች ስለ ዋጋ ንረት ማንም አላስተማራቸውም፤ ከብዙ ባለደመወዝ ቀድመው ግን ተረድተውታል። ክፍያ ለሳምንታት ሲዘገይ ደግሞ ቤተሰቡ ያንን ክፍያ መያዣ አድርጎ ይበደራል፤ ክፍያው ሲደርስ ከፊሉ የአራጣ ሆኖ ይቀራል። ደመወዙን በቀኑ ያላገኘን ሰው በጀት እንዲያወጣ ማስተማር የአስተማሪውን ቃል ያረክሳል። እዚህ ላይ መማር ያለበት ከፋዩ መሥሪያ ቤት ነው።

ስለ ቁጠባም ቢሆን እውነቱ ሳይሸፈን መነገር አለበት። ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ እንዲሆን ተወስኖ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፏል። በዚያ ዓመት 1,000 ብር በባንክ ያኖረ ሰው በዓመቱ 1,070 ብር ሲያገኝ፣ በ1,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 1,300 ብር ደርሷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ገበሬው ገንዘቡን ወደ ጥጃና ወደ ቆርቆሮ የሚለውጠው ዘመናዊ አሠራር ስላልገባው ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ሒሳብ ቢሠሩ መልካም ነበር። ጥጃ ግን በድርቅ ይሞታል፤ ቆርቆሮም በአንድ ቀን ገዢ አያገኝም። በእንስራ የተቀበረ ብርም የራሱ አደጋ አለው፤ በ1969 ዓ.ም. ገንዘብ ሲለወጥም ሆነ በመስከረም 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ የብር ኖቶች ወጥተው አሮጌዎቹ በሦስት ወር ውስጥ እንዲቀየሩ ሲታወጅ፣ ወሬው ዘግይቶ ለደረሰበት ወይም ከባንክ ለራቀ ሰው ቀነ ገደቡ አጭር ነበር። ቅን አስተማሪ እንግዲህ ሁሉን በአንድ ቦታ አታስቀምጡ፤ ለአስቸኳይ የሚሆነውን ትንሽ ገንዘብ በባንክ ወይም በቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ቀሪውን በሚረባ ነገር ያዙ ከማለት በላይ ሊል አይችልም።

በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶች ስለዚህ ትምህርት ምን ይላሉ? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመና 201 ጥናቶችን ያሰባሰበ ምርመራ፣ ትምህርቱ በሰዎች የገንዘብ ጠባይ ላይ ካለው ልዩነት ውስጥ 0.1 በመቶውን ብቻ እንደሚያስረዳ፣ ያም ቢሆን ጊዜ በሄደ ቁጥር እየተረሳ እንደሚሄድ ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣና በ33 አገሮች የተካሄዱ 76 ሙከራዎችን የመረመረ ሌላ ጥናት ግን ውጤቱ በጎ መሆኑን፣ ዕውቀትን የሚለውጠውም ጠባይን ከሚለውጠው ይልቅ መሆኑን አረጋግጧል። ለመስክ ሠራተኛ ከእነዚህ ይልቅ የሚጠቅሙት ሁለት ትናንሽ ሙከራዎች ናቸው። በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ለትናንሽ ነጋዴዎች ሙሉ የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ከተሰጣቸው ይልቅ፣ «የንግዱን ገንዘብ በአንድ መሳቢያ፣ የቤቱን በሌላ» የመሰሉ ጥቂት ቀላል ደንቦችን የተማሩት የተሻለ ሠርተዋል። በኢንዶኔዥያ ደግሞ ለሰዎች የባንክ ሒሳብ መክፈትን ከማስተማር ይልቅ ሒሳብ ለከፈተ ሰው ጥቂት ገንዘብ መስጠት እጅግ የበለጠ ውጤት አስገኝቷል፤ ትምህርቱ በመጠኑ የጠቀመው ትምህርት ቤት ያልገቡትን ነው። ለኛ አገር አስተማሪ ከዚህ የሚተርፈው፣ ባለ ስምንት ምዕራፍ ማኑዋል ተሸክሞ መሄዱ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው።

የመድን ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ማብራሪያ ይጠይቃል። ዕድር አንድ ቤት ሲቃጠል ወይም አንድ ሰው ሲሞት ይሠራል፤ ድርቅ የሁሉንም ማሳ በአንድ ጊዜ ሲመታ ግን የሚያዋጣ ስለማይኖር ይቆማል። ይህን ክፍተት ለመሙላት እ.ኤ.አ. በ2009 በትግራይ፣ አዲ ሃ በተባለ ቀበሌ 200 ቤተሰቦች የጤፍ ሰብላቸው ከዝናብ እጥረት መድን እንዲገባለት ተደርጓል። አቅም የሌላቸው ዐረቦኑን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ መፈቀዱ የሥራው ብልኅነት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ዝናቡ በጎደለባቸው ቀበሌዎች 1,810 ገበሬዎች ካሣ ተከፍሏቸዋል። በቦረናም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሳተላይት በሚታይ የግጦሽ ልምላሜ ላይ የተመሠረተ የከብት መድን ተጀምሯል።

በዚህ ዓይነቱ መድን ካሣ የሚከፈለው የግለሰቡ ማሳ ታይቶ ሳይሆን የዝናቡ ወይም የልምላሜው መለኪያ ከተወሰነ ነጥብ ሲወርድ ነው። ስለዚህ የአንድ ሰው ሰብል ፈጽሞ ጠፍቶ ካሣ ላይከፈለው፣ የሌላው ሳይጠፋ ሊከፈለው ይችላል። በደግ ዓመት ደግሞ ዐረቦኑ አይመለስም። ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ ገበሬው «ቁጠባዬን በሉብኝ» ብሎ ይወጣል፤ ወሬው ከቀበሌ ቀበሌ ከተዛመተ በኋላ ማንኛውም ማብራሪያ አይመልሰውም። የመድን ትምህርት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ውሉን ያልተረዳ ሰው ባይገባ ይሻላል። ወሰኑም እዚያው ነው። በቦረና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በቀሩበት ዘመን ካሣ ለአንድ ወር መኖ ይበቃ እንደሆነ እንጂ መንጋ አያተርፍም።

አንድ ሌላ ነገር በግልጽ መነሣት አለበት። ትምህርቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ብድር ከሚያድለው ድርጅት ነው። አበዳሪ ሲያስተምር ብድር አለመውሰድም ሊማሩት የሚገባ ምርጫ መሆኑን አይናገርም። ውኃ በሌለበት ቀበሌ ዘመናዊ ቀፎ፣ መኖ በሌለበት የሚደለብ በሬ በብድር መታደሉን፣ ዕዳውም በነበረች ላም ሽያጭ መከፈሉን የማያውቅ የመስክ ሠራተኛ ጥቂት ነው። የዕቅዱን ጉድለት «ተበዳሪው የገንዘብ አያያዝ ዕውቀት የለውም» በሚል ሪፖርት መሸፈን ደግሞ የትምህርቱን ስም ያጎድፋል።

ትምህርቱ ለማን ይሰጥ የሚለውም የሚታለፍ አይደለም። ስብሰባ ሲጠራ የሚመጣው አባወራው ነው፤ የዶሮውን፣ የቅቤውንና የሽንኩርቱን ሳንቲም የምትይዘው፣ ቀለቡም ስንት ሳምንት እንደሚቆይ የምታውቀው ግን ሚስት ናት። የሴፍቲኔት ክፍያ በስልክ በሚፈጸምባቸው ሥፍራዎች የምሥጢር ቁጥሩን ለወኪሉ ወይም ለጎረቤት ወጣት እየሰጡ ገንዘብ የሚያስወጡ እናቶች አሉ። አራት አኃዝ በቃል መያዝንና ለማንም አለመናገርን፣ የተከፈለውን ብር በዓይን ቆጥሮ መቀበልን ለማስተማር ግማሽ ቀን ይበቃል። ግማሽ ቀኑ የገበያ ቀን፣ የውኃ መቅጃ ሰዓት ወይም የበዓል ዋዜማ ላይ እንዳይውል የቀበሌዋን የሴቶች ተጠሪ አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

የጊዜው ምርጫ ከማኑዋሉ ይልቅ ክብደት አለው። በየወረዳው የሚታየው ልማድ በጀቱ ከሐምሌ በኋላ ተለቅቆ፣ ግዢውና ደብዳቤው ሲንከባለል፣ ሥልጠናው በግንቦትና በሰኔ እንዲሰጥ ያደርጋል። በዚያን ጊዜ ከብቱ ተሸጧል፤ ብድሩም ተወስዷል። ስለ ከብት ሽያጭ የሚሰጠው ትምህርት በጥቅምት፣ ስለ እህል ማቆየት በኅዳር አውድማው ሳይነሣ፣ ስለ ብድር ደግሞ በሰኔ መግቢያ ቢሆን ሰሚው በዚያው ሳምንት ሊሠራበት ይችላል። ሪፖርቱም «ይህን ያህል አባወራና እማወራ ሠለጠነ» በሚል ብቻ ባያልቅ ይመረጣል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከአሥር ወር በኋላ ከሠለጠኑትና ካልሠለጠኑት የተወሰኑ ቤቶችን ዞሮ፣ የመጀመሪያውን ፍየል በየትኛው ወር እንደሸጡ፣ ከማን፣ በምን ወለድ እንደተበደሩ፣ የሴፍቲኔት ክፍያቸው ስንት ቀን እንደዘገየ በአንድ ገጽ ላይ ቢመዘግብ ለወረዳው የሚበቃ መረጃ ይገኛል፤ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በቅድሚያ ለከፋዩ መሥሪያ ቤት ሊላክ ይገባል።